ነፋሱን ቢቀይሩትስ?

በቁም ሳጥኔ ውስጥ ከእናቴ ፎቶግራፍ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ካርታ አለ። በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። መስመሩ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ይነሳና ወደ ደቡብ ወርዶ ይዞራል፤ ሲመለስ ግን ከተነሳበት አይደርስም። ፉሪ ተራራ ላይ ይቆማል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን አይቶት “ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” አለኝ። “የድሮ ሥራዬ ነው” አልኩት። እሱም ሌላ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩም። ባለፈው ሚያዝያ የደረሰብኝ ነገር ባይኖር ዛሬም አልናገረውም ነበር።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የያዝኩት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነበር። ቤታችን ነፋስ ስልክ ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ይበዛበት ነበር፤ ከደጃችን ቆሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ፉሪ ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አባቴ ሞቶ ነበር። እኔ ሥራ ባልይዝ ኖሮ ሁለቱ ወንድሞቼ ትምህርታቸውን ያቋርጡ ነበር። ሥራውን ያገኙልኝ ጎረቤታችን ፓይለቱ ካፒቴን ዘለቀ ናቸው። በመሥሪያ ቤት ካፒቴን፣ በሰፈር ጋሽ ዘለቀ እላቸው ነበር።

ድርጅቱ ነጋዴዎችንና ባለሥልጣናትን በትንንሽ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ወደ ክፍለ ሀገር የሚያመላልስ ነበር። የእኔ ሥራ ግን ከመሬት አይነሳም። በአውሮፕላን ማቆሚያው አዳራሽ ጥግ አንድ የእንጨት ሳጥን ነበረ። አጭር ክንፍና ጭራ አለው፤ ሲያዩት የልጅ መጫወቻ ይመስላል። በሥሩ ያሉት ወናፎች አየር እየሳቡና እየተፉ ያዘነብሉታል፣ ያዞሩታል። ፓይለቱ ይገባና ክዳኑ ይዘጋበታል። ውጭ አያይም፤ ከፊቱ ያሉትን ጌጆች ብቻ እያነበበ በደመና ውስጥ እንዳለ ሰው ይበራል። እኔ ከውጭ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ማዳመጫ በጆሮዬ አድርጌ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ መቆጣጠሪያ ማማ ሠራተኛ አነጋግረዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ካርታ ተዘርግቷል። በካርታው ላይ በሦስት ትንንሽ ጎማዎች የሚሄድ መሣሪያ አለ፤ ሸርጣን እንለዋለን። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰው የበረረበትን መንገድ ሸርጣኑ በቀይ ቀለም እየሳለ ይከተላል። ፓይለቱ ቢዋሽ ሸርጣኑ አይዋሽም።

እያንዳንዱ ፓይለት በዓመት አንድ ጊዜ እዚያ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይፈተናል። ካላለፈ ፈቃዱ አይታደስም። ፈታኙ አቶ ግርማ ነበሩ። እሳቸውም ቀድሞ ፓይለት ነበሩ፤ ወገባቸው ተሰብሮ ነው መሬት የቀሩት። ፈተናው ምስጢር አልነበረም። በአራት ገጽ ተተይቦ የተቀመጠ፣ በየዓመቱ ያው የሆነ ነገር ነው። ሌሎቹ ፓይለቶች ቅጂውን ወስደው ቤታቸው ያነቡታል። ጋሽ ዘለቀ ግን ፈተናው ሲቃረብ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያስጠሩኛል።

“መነጽሬ ተሰብሯል፤ እስቲ አንብቢልኝ” ይሉኛል።

በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ያዳምጡኛል። አንድ መስመር ሳነብ አንድ መስመር ይደግማሉ። “ወደ ደቡብ ሁለት ደቂቃ። ወደ ግራ ዙር። አንድ ደቂቃ። ዝቅ በል።” በአራተኛው ዙር ያለ አንዳች ስህተት ከዳር እስከ ዳር ይወጡታል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው “ይኸው አስተማሪ ሆንሽባቸው!” እያሉ ይስቃሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። መነጽራቸው በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ለምን እንደሚሰበር አልጠየቅኩም። ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

በሦስተኛው ዓመቴ ሐምሌ ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ቀኑ ሰኞ ነበር። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ከማለዳ ጀምሮ ይቀጠቅጠው ነበር።

“ግባ እንግዲህ ወደ ሬሳ ሳጥንህ” አሉ አቶ ግርማ። “ዛሬም ካልገደልኩህ በምሳ እንገናኛለን።”

“አንተ ሰውዬ፣ የተሰበረው ወገብህ ነው ወይስ የአፍህ መዝጊያ?” አሉ ጋሽ ዘለቀ። ባርኔጣቸውን ለእኔ ሰጥተውኝ ገቡ። ክዳኑን ዘጋሁ።

“ካፒቴን፣ ይሰማዎታል?”

“ይሰማኛል የኔ ልጅ፤ ልቀቂኝ።”

አርባ ደቂቃ ያህል በረሩ። ሸርጣኑ ምንም ሳያመነታ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። አቶ ግርማ ወረቀቱን አንስተው አዩት። ከፋይሉ ውስጥ የአምናውንም አወጡና ሁለቱን ደርበው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዟቸው። መስመሮቹ አንድ ላይ ገጠሙ።

“እዪ፣ እዪ! በካርቦን ነው እንዴ የሚበረው?” ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ሳጥኑን ለማጽዳት ሄድኩ። ጋሽ ዘለቀ ገና መውጣታቸው ነው፤ አጠገቤ ቆመው ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። አንገቴን ሳስገባ ውስጡ ጨለማ ነው። የመብራቱን ቁልፍ አየሁት፤ እንደተከፈተ ነው። አምፑሉን ለመፍታት እጄን ሰደድኩ። ለአርባ ደቂቃ የበራ አምፑል በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ያ አምፑል ግን እንደ ጠጠር ቀዝቅዞ ነበር። ጠዋት ክዳኑን ከዘጋሁበት ጊዜ ጀምሮ አልበራም ማለት ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የትልልቆቹ ጌጆች ዘንጎች በጨለማ የሚያበራ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ሳጥኑ መዝመም አለመዝመሙን፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን ወደ ሰሜን በእነሱ ማወቅ ይቻላል። ቁጥሮቹና ማረፊያው የት እንዳለ የምታሳየው ቀጭኗ የሬዲዮ መርፌ ግን ያለ መብራት አይታዩም። ማንም ፓይለት ቢሆን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ “ኧረ መብራት!” ብሎ ይጮሃል።

“ጋሼ፣ አምፑሉ እኮ ተቃጥሏል” አልኩ። በመሥሪያ ቤት ጋሼ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

“ታዲያስ?” አሉ ፈገግ ብለው። “የቃል ትምህርት መብራት አያሻውም፤ አታውቂም?”

እንዲህ እንዳሉ ፈገግታቸው ጠፋ። ያሉትን ራሳቸው ሰሙት።

ንባብ በቀን፣ በዓይን ነው የሚጠና። የቃል ትምህርት ግን ከጨለመ በኋላ መምህሩ እያወጡ ተማሪው እየተቀበለ፣ በጆሮ ብቻ ነው። ዓይን የሌለው ሰው እንኳ የቃል ትምህርት ተምሮ ሊቅ ይሆናል። ይህን ማንም የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ልጅ ያውቃል። አቶ ግርማ በር ላይ ሆነው ጋዜጣ ያነቡ ስለነበር አልሰሙም። እኔ ግን የእነዚያን እሑዶች ሥራዬን በአንድ ጊዜ አየሁት። ለሦስት ዓመት ፈተና ሳስጠናቸው አልነበረም። ዓይን ስሆናቸው ነበር።

በምሳ ሰዓት አዳራሹ በረንዳ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዝናቡ አላቋረጠም።

“መቼ ጀመረዎት?” አልኩ።

“አራት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ። መስታወቱን እየወለወልኩ መካኒኩን እቆጣ ነበር።”

“አሁንስ?”

“ትልቅ ትልቁ ይታየኛል። አንቺ እዚህ መሆንሽን አያለሁ። ፊትሽን ግን በድምፅሽ ነው የማውቀው።”

“ሲያርፉ እንዴት ያደርጋሉ ታዲያ?”

“ሰማዩ ብራ ሲሆን ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ማረፊያው ነጭ ነው። ረዳቴም ቁጥር ይጠራልኛል፤ ለልምምድ ነው ብዬው።” ከዚያም ቀጠሉ፤ “ሃያ ዓመት በርሬበታለሁ እኮ ጽጌ። ይህን አገር በቃሌ ነው የማውቀው።”

“ደመና ሲሆንስ?”

መሐረባቸውን አውጥተው ማጣጠፍ ጀመሩ።

“ነገ ወዴት ነዎት?”

“ጅማ። ሰባት ሰው።”

ሁለታችንም ዝናቡን አየን። ወይም እኔ አየሁ፤ እሳቸው ሰሙት።

“አንድ ዓመት ብቻ” አሉ ቆይተው። “ትልቁ ልጄ ትምህርቱን ይጨርስ። ከዚያ ራሴ እተወዋለሁ፤ በእግዚአብሔር ፊት ነው የምልሽ።”

ሲነሱ ትከሻዬን ነካ አድርገው “ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ” አሉኝ። ምስጋና ይሁን ማስፈራሪያ ያን ቀን አልገባኝም። ዛሬም አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ የፈተናው ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በደመና ውስጥ በሬዲዮ እየተመሩ መመለስና ማረፍ። አዲስ አምፑል ገጠምኩ። ጋሽ ዘለቀ ገብተው ተቀመጡ። ክዳኑን ስይዝ ቀና ብለው ወደ እኔ አቅጣጫ አዩ።

“በርቷል ካፒቴን” አልኩ።

“እግዜር ይስጥልኝ። በይ ዝጊው።”

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። በጠረጴዛው ቀኝ በኩል የነፋስ ቁልፍ አለ። በእሱ ነፋስ ከፈለጉት አቅጣጫ፣ በፈለጉት ኃይል ይሰጣል፤ ሸርጣኑም እውነተኛ ነፋስ እንደሚገፋው አውሮፕላን ከመንገዱ እየሸሸ ይሄዳል። የሬዲዮዋን መርፌ የሚያነብ ሰው ወዲያው ያውቅና ያርማል። በቃሉ የሚበር ሰው ግን በምን ያውቃል? እኔ በሠራሁበት ሦስት ዓመት ያ ቁልፍ ከዜሮ ተነስቶ አያውቅም። ወረቀቱ ላይ “ነፋስ የለም” ተብሎ ነው የተተየበው።

አቶ ግርማ ሲጋራቸውን እየለኮሱ ነበር።

“አቶ ግርማ” አልኩ፤ “ነፋሱን ቢቀይሩትስ?”

ክብሪቱ ጣታቸውን እስኪለበልበው ድረስ አዩኝ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ያን ያልጠየቁኝን ጥያቄ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ክብሪቱን ጣሉና መጥተው ቁልፉን ያዙ። ከምሥራቅ፣ ሃያ።

“አስነሺው” አሉኝ።

መጀመሪያ ምንም ልዩነት አልነበረም። “ወደ ደቡብ እየሄድኩ ነው” አሉ ጋሽ ዘለቀ በማዳመጫዬ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። ሸርጣኑ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ግን በትንሹ ወደ ምዕራብ አዘነበለ። ሁለት ደቂቃ። “ወደ ግራ እዞራለሁ።” ዞሩ። በሰዓቱ፣ በልኩ። ማረፊያው ግን እዚያ አልነበረም። ቀዩ መስመር ሊሄድ ከሚገባው መንገድ በጣት፣ ከዚያ በሁለት ጣት ራቀ።

“መርፌዋን ይይ እንጂ” አሉ አቶ ግርማ በለሆሳስ፤ ለራሳቸው ነበር። “መርፌዋን እይ ዘለቀ።”

“ዝቅ እያልኩ ነው” አለ ማዳመጫው።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የከፍታ ጌጅ አየሁ። ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ጫማ። ዘጠኝ ሺህ። ካርታው ላይ የፉሪ ጫፍ ከዚያ ይበልጣል። ጣቴን ማይክሮፎኑ ላይ አደረግኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። “ነፋስ” ብዬ ብናገር ይሰሙኛል። ጆሯቸው ምንም አልነበረበትም።

አቶ ግርማ እጄን ከማይክሮፎኑ ላይ አነሱት። “ነገ ማን ይነግረዋል?” አሉኝ።

ስምንት ሺህ ስምንት መቶ። ሸርጣኑ የተራራውን መስመር አለፈና ወደ ውስጡ ገባ። ሸርጣን ተራራ አያውቅም፤ ወረቀት ላይ ነው የሚሄደው። ተራራውን የምናውቀው አቶ ግርማና እኔ ነን። መስመሩ ፉሪ ላይ እየተጎተተ ሳለ አቶ ግርማ ሞተሩን አጠፉት። ወናፎቹ ተንፍሰው ቀስ ብለው ተኙ። ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሽ ዘለቀ ፈተናው ያለቀ መሰላቸው፤ በቃላቸው የያዙት የመጨረሻው መስመር ላይ ደርሰው ስለነበር።

“በሰላም አርፌያለሁ” አሉ።

ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አዲሱ አምፑል ፊታቸው ላይ ቦግ ብሎ ይበራ ነበር።

“ዘለቀ” አሉ አቶ ግርማ፤ “የት ነው ያለኸው?”

“ማረፊያው ላይ ነዋ። ምነው?”

አቶ ግርማ ኪሳቸው ውስጥ ካለ ፓኮ ላይ የሲጋራ ወረቀት ቀደው ለጋሽ ዘለቀ ዘረጉላቸው። “ይህን አንብብልኝ።”

ጋሽ ዘለቀ ወረቀቱን አልተቀበሉም። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ “ነፋስ ነበረ” አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። “ማን ቀየረው?”

“እኔ” አሉ አቶ ግርማ።

እኔ ዝም አልኩ።

መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አቶ ግርማ “ጻፊ” አሉኝ እንጂ ምን እንደምጽፍ አልነገሩኝም። “አላለፈም” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰርዤ “አላለፉም” ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ድረስ የማስታውሰው ያን ስርዝ ነው። ባርኔጣቸውን ሰጠኋቸው። በእጃቸው ፈልገው ተቀበሉኝ።

በማግሥቱ ሌላ ፓይለት ሰባቱን ሰዎች ጅማ አድርሶ በሰላም ተመለሰ። ደመናው እንኳ ከቀትር በፊት ተገፎ ነበር። ስለዚህ ምን ልል እችላለሁ? ጋሽ ዘለቀ ቢሄዱ ኖሮ እሳቸውም በሰላም ይመለሱ ይሆናል። “ሰባት ነፍስ አዳንሽ” የሚለኝ ሰው ቢኖር አላምነውም፤ “ሰው አጠፋሽ” የሚለኝን ግን አየሁት።

እትዬ አስካለ በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም ልላቸው ጎንበስ ስል ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው አለፉ። እናቴ ሽማግሌ ልትልክ ፈለገች፤ “ልጅሽ እንጀራችንን ቆረጠች፤ በምን እንታረቃለን?” ብለው መለሱላት። ትልቁ ልጃቸው ትምህርቱን አቋርጦ ጋራዥ ገባ። እኔም በመስከረም ሥራውን ለቅቄ ክፍለ ሀገር በአስተማሪነት ተቀጠርኩ። ስወጣ ካርታውን ከፋይል ውስጥ አወጣሁት። ሌብነት ነው፤ አውቃለሁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ለክረምት ነፋስ ስልክ መጣሁ። ጋሽ ዘለቀ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር በድምፁ ዓይነቱን ይናገራሉ፤ የሰፈሩ ልጆችም ይከቧቸዋል። በሩቁ ላልፍ ነበር።

“ጽጌ ናት” አሉ። “አረማመድሽ አልተለወጠም።”

ቆምኩ። “ደህና ነዎት ጋሼ?”

“ነፋሱ ከየት ነበር?” አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ይዘውት የቆዩት ጥያቄ ነበር።

“ከምሥራቅ።”

“ስንት?”

“ሃያ።”

በከንፈራቸው ቆጠሩ። እጃቸውን በአየር ላይ አዞሩ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ሰሜን። እጃቸው ቆመ።

“ፉሪ” አሉ።

“አዎ ጋሼ።”

“ከጫፉ ነው ከሥሩ?”

“ከጫፉ ዝቅ ብሎ። በዚህ በእኛ በኩል።”

“ከዚህ ከበሬ ይታያል በይኛ።” ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። አቅጣጫውን አልሳቱም።

“ጋሼ፣ ነፋሱን ይቀይሩት ያልኩት እኔ ነኝ።”

“ያኔውኑ አውቄያለሁ” አሉ። “ግርማ ነፋስ ቀይሮ አያውቅም።”

እትዬ አስካለ ከውስጥ “ማነው?” አሉ። ጋሽ ዘለቀ “መንገደኛ ናት” ብለው መለሱ። እጄን ፈልገው ያዙኝና ለቀቁኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ አስባለሁ። ደግሜም አደርገው ነበር። ግን በረንዳው ላይ “አልችልም ጋሼ፤ ለአቶ ግርማ እናገራለሁ” ብዬ ፊት ለፊት ልላቸው ይገባ ነበር። ፊታቸውን ማየት ስላቃተኝ በነፋስ ላክሁባቸው። እሳቸው አያዩኝም ነበር፤ እኔ ግን አፈርኩ።

አሁን የምኖረው ጀሞ ልጄ ቤት ነው። የልጅ ልጄን በየማለዳው ዋናውን መንገድ አሻግሬ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ሚያዝያ ላይ ልጄ ዓይኔን ለማስመርመር ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ከእኔ በፊት የገቡት ሴትዮ በሩ ክፍት ስለነበር ሲመልሱ ይሰማኛል፤ “ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ…” ተራዬ ደርሶ ተቀመጥኩ። የፊደሎቹ አፍ ወዴት እንደዞረ የሚጠየቅበት ሰሌዳ ለእኔ ነጭ ጭጋግ ነበር። አፌ ግን ራሱ ጀመረ፤ “ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ…” እስከ መጨረሻው መስመር ወጣሁት።

“ጎበዝ እማማ! የወጣት ዓይን ነው ያለዎት” አለ ወጣቱ ሐኪም። ልጄ ደስ ብሏት ትከሻዬን ያዘችኝ።

ለመነሳት የወንበሩን ክንድ ያዝኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

“ልጄ” አልኩት፤ “ሰሌዳውን ገልብጠህ እንደገና ጠይቀኝ።”

ገለበጠው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕፃኗን ሌላ ሰው ያደርሳታል።